አንድ ሰዓት ሙዚቃ፣ ግጥምና ወግ፦ ሐዋሳ ላይ የሬዲዮ ምሽት ሳዘጋጅ የተማርኩት

ባለፈው ዓመት አንድ የከተማችን ኤፍ ኤም ጣቢያ በወር አንድ ጊዜ የሙዚቃ፣ የግጥምና የወግ ምሽት እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በቀጥታ ሥርጭት። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ከማዳመጥ በቀር ስለ ሬዲዮ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ወዲያው እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩበት ምክንያት እናቴ ናት። ልጅ ሆነን ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ እናቴ ቤቱን በሙሉ ጸጥ ታሰኘው ነበር። ወጥ እንኳ ከእሳት ይወርዳል። ያን ጸጥታ እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ሰው ብቻውን እያነበበ ስንት ቤት ዝም ያሰኛል! እኔም ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ለሐዋሳ ሰው መስጠት ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ተበላሸ። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። አራተኛው ላይ ሰው እየደወለ "የሚቀጥለው መቼ ነው?" ማለት ጀመረ። በየከተማው፣ በማኅበረሰብ ሬዲዮም ይሁን በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ እንዲህ ያለ ምሽት ለመጀመር የሚያስብ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለመጀመሪያው ምሽት 14 ገጽ ጽፌ፣ 11 ሙዚቃና ግጥም መርጬ ገባሁ። ለአንድ ሰዓት ማለት ነው። መክፈቻው በገና ነበር። በገና የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ደርዳሪው አይቸኩልም። መጀመሪያ አውታሮቹን ይነካካል፣ ያቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ነው ዜማው የሚመጣው። የመረጥኩት ቅጂ ላይ ያ ማቆም ረዘም ይላል። ልክ እዚያ ላይ፣ ሰው ትንፋሹን ዋጥ በሚያደርግበት ቦታ፣ የጭፈራ ዘፈን ፈነዳ። ቴክኒሻኑን አየሁት። እሱም ደንግጧል። "ቲቸር፣ ሲስተሙ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጣቢያዎች ድምፅ ለተወሰኑ ሰከንዶች ሲጠፋ መስመር የተቋረጠ መስሎት በራሱ ሌላ ዘፈን የሚያስገባ ሲስተም አላቸው። ለዘወትር ሥራ ጥሩ ነገር ነው። ለበገና፣ ለፒያኖና ለግጥም ግን ጠላት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ቴክኒሻኑን "ድምፅ ስንት ሰከንድ ሲጠፋ ነው ሲስተሙ የሚገባው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለዚያ አንድ ሰዓት ሰከንዱን ያርዝሙላችሁ፣ ወይም አጥፍተው ሰው ያስቀምጡ። እኛ ከሁለተኛው ምሽት ጀምሮ አጥፍተነው ቴክኒሻኑ ራሱ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

በፒያኖ ድርሰታቸው የሚታወቁትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አቀረብኩ። ከፒያኖው በፊት አራት ደቂቃ ሙሉ ስለ ሕይወታቸው ተናገርኩ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ መወለዳቸውን፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊን መማራቸውን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር መታሰራቸውን፣ በኋላ ካይሮ መማራቸውን፣ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መመንኮሳቸውን። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም እስካረፉበት ድረስ ሁሉንም። አንዱም ውሸት አይደለም። ግን አድማጩ ፒያኖው ሲጀመር ደክሞታል። ይባስ ብሎ ሰዓት ስላለቀብኝ የመጨረሻዎቹ ኖታዎች ላይ ገብቼ ማውራት ጀመርኩ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልክ ተደወለ። አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ። "ልጄ፣ እማሆይን ለምን አቋረጥካቸው?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። መልስ አልነበረኝም።

ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ ቀረጻውን እንደገና ሰማሁት። ከ60 ደቂቃ ውስጥ የእኔ ድምፅ 31 ደቂቃ ወስዷል። በእስክሪብቶ እየቆጠርኩ ነው ያገኘሁት። እናንተም ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ይህንኑ አድርጉ። ከራስ ድምፅ ጋር መፋጠጥ ደስ አይልም፣ ግን ከሰው ምክር በላይ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ ያዝኩ። ለአድማጩ አንድ የሚያዳምጠው ነገር እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። አንድ ብቻ። እማሆይን በሦስተኛው ምሽት እንደገና ሳቀርባቸው ያልኩት ይህን ነው፦ "እማሆይ ጽጌ ማርያም ግሸን ማርያም ላይ አሥር ዓመት ያህል በምንኩስና ኖረዋል። ግሸን አምባሰል ውስጥ ናት። አሁን ቀኝ እጃቸውን አዳምጡ፤ ፒያኖው ላይ ዜማ እንደሚያዜም ሰው ነው የሚሄደው።" ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ፒያኖው ሲያልቅም አራት ሰከንድ ቆጥሬ ነው አፌን የከፈትኩት። አራት ሰከንድ ስቱዲዮ ውስጥ በጣም ይረዝማል። ቤት ላለ ሰው ግን ልክ ነው።

ያው ደንብ የውጭ አገር ሙዚቃ ላይ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። "ክላሲካል" ሲባል ብዙ ሰው ጣቢያ ይቀይራል። የለመደው ነገር አይደለም፣ አይፈረድበትም። እኔ ያደረግኩት በገናን ከቼሎ፣ ማለትም ቫዮሊን ከሚመስለው ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ፣ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩና ብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ ነዛሪ፣ ሆድ የሚነካ ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ቼሎም ዝቅ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ አለው። መጀመሪያ በገናውን አሰማሁ። ቀጥሎ የጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ለአንድ ቼሎ ብቻ ከጻፋቸው ስድስት ስዊቶች (የተከታታይ ሙዚቃዎች ስብስቦች) የመጀመሪያውን መግቢያ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ያልኩት "ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው፤ ማንም አያጅባቸውም" ብቻ ነበር።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ደወለ። ፒያሳ አካባቢ ቆሞ ሰው እየጠበቀ ነው። "ሁለተኛው የፈረንጅ በገና ነው?" አለኝ። ስሙ ቼሎ መሆኑን ነገርኩት፤ ግን እውነቱን ለመናገር የእሱ ስም ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

ከባኽ ጋር የሄደ አንድ ታሪክም አለ፣ እሱን ወጉ ውስጥ ተጠቀምኩበት። ፓብሎ ካዛልስ የሚባል፣ በኋላ ስመ ጥር ቼሎ ተጫዋች የሆነ የካታሎኒያ (ስፔን) ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 በ13 ዓመቱ ከአባቱ ጋር ባርሴሎና ውስጥ የአሮጌ ኖታ ሱቅ ሲገባ እነዚህን ስዊቶች አገኘ። ሰው ፊት ለመጫወት ከመድፈሩ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ተለማመዳቸው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ሁሉንም ቀረጻቸው። ለአድማጭ ስለ ባኽ ቤተሰብና የሥራ ዘመን ከመዘርዘር ይህ አንድ ልጅና አንድ ሱቅ ይበልጣል። ሰው ታሪኩን ሲሰማ ራሱን ሱቁ ውስጥ ያገኘዋል።

የእኛዎቹንም አትርሱ። ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ አለ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ያደገ ጆሮ እሱን ለመስማት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም አለ። አንድ ምሽት ሙሉ በኢትዮጵያውያን ብቻ መሙላት ይቻላል። እኔ ሁለቱን ማደባለቅ የመረጥኩት ጆሮ በንጽጽር ስለሚነቃ ነው።

ስለ ድምፅ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። ክላሲካል ሙዚቃ አንዴ ይንሾካሾካል፣ አንዴ ይጮኻል። ባጃጅ ውስጥ ወይም ምግብ በሚበስልበት ቤት ያለ አድማጭ ሹክሹክታውን አይሰማም፤ ድምፁን ይጨምራል፤ ጩኸቱ ሲመጣ ይደነግጣል። ለሬዲዮ እጅግ ዝቅ የማይሉ ቅጂዎችን ምረጡ። ወይም አስቀድማችሁ "ይህ በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሬዲዮናችሁን ጠጋ በሉት" በሉ። እኔ ይህን ማለት ወድጄዋለሁ። ሰው በእርግጥ ጠጋ ይላል።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣ። ብዙ የደከምኩት እዚህ ነው።

መድረክ ላይ ግጥም የሚያነብ ሰው ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሟል፤ ድምፁን ያነሳል፣ እጁን ያወናጭፋል። ሬዲዮ ላይ ግን ከአንድ ሰው አጠገብ ተቀምጠሃል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ እንደ መድረክ ነበር ያነበብኩት፤ ቀረጻው ላይ የምቆጣ እመስላለሁ። አሁን ሳነብ አንድ ሰው ከፊቴ አስባለሁ፤ ብዙ ጊዜ እናቴን።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። "ገና"፣ "ዋና"፣ "አለ"፣ "ይሰማል"፤ ሁሉም ሁለት ዓይነት ይነበባሉ። በዓይን ስታነብ አረፍተ ነገሩ ያቀናልሃል። በቀጥታ ሥርጭት ግን አንዴ ከሳትክ ስንኙ ሞቷል፣ ተመልሰህ አታስተካክለውም። ስለዚህ ከመግባቴ በፊት የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። ትንሽ ሥራ ናት፤ ግን ብዙ ጊዜ አድናኛለች።

ትንፋሹንም ምልክት አደርግበታለሁ። ወል ቤት ከሆነ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ይከፈላል፤ ሐረጉ ላይ ትንሽ ማረፍ ይበቃል። የጸጋዬ ቤት የሚባለው ግን ስምንት ስምንት ነው፤ ትንፋሽ ይፈጃል። ሐረጉ መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠረህ ሐሳቡ ይሰበራል። ስለዚህ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ግጥም ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ ከሆነ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት።

ከግጥም ሥር ሙዚቃ ልቀቅ ወይስ አልልቀቅ? ብዙዎች ይለቃሉ። ግጥም በጃዝ መድረክ ላይ ያምራል፤ እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ሰምቻለሁ፣ ወድጄዋለሁ። እዚያ ግን ሙዚቀኛው ገጣሚውን እያየ ነው የሚጫወተው፤ ሲያርፍ ያርፍለታል። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ሙዚቃ ከሥር ስትለቅ ማንም ማንንም አያይም። በትንሽ ሬዲዮ ደግሞ "ጠ" እና "ተ"፣ "ቀ" እና "ከ" ይደባለቃሉ። ስለዚህ ሙዚቃው ይለቅ፣ ይቁም፣ ከዚያ ግጥሙ ብቻውን ይነበብ። ጣቢያው መጀመሪያ "ይደርቃል" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። አንድ ምሽት ሞክረን ሰው ወደደው።

የአገር ልጅ መፈለግም ይጠቅማል። ገጣሚው ደበበ ሰይፉ ይርጋለም መወለዱን ስናገር የደወሉት ሰዎች ብዛት አስገርሞኛል። ይርጋለም ቅርባችን ናት። "እኛ ሰፈር ነው?" የሚል ድምፅ ውስጥ ያለውን ኩራት ብትሰሙት! በዩኒቨርሲቲ ስሙን የሚያውቅ አለ፤ ገበያ ላይ ግን ብዙም የለም። ያን ምሽት የግጥሙ ክፍል ሊበቃ አልቻለም።

ስልክ መስመሩን የከፈትነው ከሦስተኛው ምሽት ጀምሮ ነው። አንድ አባት ደወሉና "መምህር፣ ጥሩ ነው። የሲዳምኛውስ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሐዋሳ ላይ ተቀምጬ የሲዳማን ቃል መርሳቴ ትልቅ ጉድለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አንድ የሲዳምኛ ግጥም ወይም ዜማ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ በሲዳምኛ ያነባል፣ ከዚያ በአማርኛ ሐሳቡን በሁለት አረፍተ ነገር ይናገራል። መተርጎም አይደለም፤ በሩን መክፈት ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሆነው የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ስለ ቄጣላ፣ በበዓሉ ስለሚጨፈረው ጭፈራ፣ አንድ አዛውንት ጋብዘን ወጉን ለእሳቸው ተውንላቸው። ከእኔ ወገን የወጣው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው።

ስለ ወጉ ባጭሩ። እንግዳ ስትጋብዙ "ስለ ባህል ንገሩን" አትበሉ፤ ሰፊ ጥያቄ ሌክቸር ያመጣል። የመጀመሪያው እንግዳዬ 20 ደቂቃ ተናገሩ፣ ጥፋቱ የጠየቅኩት የእኔ ነው። አሁን "የመጀመሪያ ቀን በገና የሰሙት የት ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቦታና ቀን ያለው ጥያቄ ታሪክ ያወጣል። ስምንት ደቂቃ ይበቃል።

ሁሉም እንግዳ ስቱዲዮ መምጣት የለበትም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄጄ ንጋት ላይ በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ሐይቁ ላይ ነፋስ አለ፤ ነፋስ ስልክ ላይ ሲመታ ሁሉን ያበላሻል። ነጠላ እጥፍ አድርጌ ማይኩ ላይ ሸፈንኩት፣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁ፣ ስልኩን አንድ ስንዝር አስጠጋሁ። በቂ ሆነ። ከጀርባው ውኃው፣ ጀልባው፣ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ሲያማቱ ይሰማል። አባቱ ማታ ማታ ሐይቁ ላይ ሲያዜሙ የሰማውን ነገረኝ፤ ትንሽም አዜመልኝ። ስቱዲዮ አምጥቼው ቢሆን ይህን የሚያዜምልኝ አይመስለኝም።

ስለ ስቱዲዮ ጥቃቅን ነገር ብዙ ማለት አልፈልግም። ወረቀቱን አትስፉት፤ ሲገለጥ ይንኳኳል። ለየብቻ ዘርጉት። ስልካችሁን አጥፉ፤ ጸጥ ማድረግ አይበቃም፣ ማይኩ ውስጥ ይጮኻል። "ፐ" እና "ጰ" ማይኩን እንዳይመቱት አፋችሁን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ። መብራት ከጠፋና ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ከዘገየ የተቋረጠውን ሙዚቃ ከመሐል አትቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ልቀቁት።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ ፈቃድ። በሕይወት ያለ ገጣሚን ግጥም ስታነቡ ጠይቁት፤ ካረፈም ቤተሰቡን። በእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ገጣሚው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ሥራው ይጠበቃል። ሙዚቃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ፣ ባኽ ካረፈ ከ270 ዓመት በላይ ስለሆነ ነጻ ነው ብሎ ነው። ድርሰቱ ነጻ ነው። የቀረጸው ቼሊስትና ያሳተመው ኩባንያ ግን መብት አላቸው። ጣቢያችሁ ምን ስምምነት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኳቸው ገጣሚዎች አንድም እምቢ ያለ የለም። አንዷ እንዲያውም ራሷ መጥታ አነበበች።

እንዲህ ያለ ምሽት ማን ያዳምጣል የሚል ሥራ አስኪያጅ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. መስከረም 1946፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ገና አገሩ ምግብ በራሽን እየበላ ሳለ፣ ሦስተኛው ፕሮግራም የሚባል የምሽት ጣቢያ ከፈተ። ሙዚቃ፣ ግጥም፣ ድራማና ንግግር ነው ያቀረበው። ዛሬም ሬዲዮ 3 በሚል ስም አለ። ሰው ሆዱ ጎድሎም ጆሮው ይራባል።

የእኛ አድማጭ እነማን እንደሆኑ ያወቅኩት ከስልኩ ነው። ሌሊት የሚጠብቁ ዘበኞች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የወጡ ልጃገረዶች፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው። የታመመ ሰው የሚያስታምሙ። ሱቅ የሚዘጉ። መምህራን ይበዛሉ ብዬ ነበር፤ ጥቂት ናቸው።

በአምስተኛው ምሽት የአንድ የሐዋሳ ወጣት ግጥም አነበብኩ። አሥራ ሁለት ስንኝ ነው። እንደጨረስኩ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደወለ። መጋዘን ነው የሚጠብቀው። "መምህር፣ እየጻፍኩት ነበር፣ አራተኛው ላይ አመለጠኝ። ቀስ ብለህ ትደግምልኛለህ?" አለኝ። የቀረን ስድስት ደቂቃ ነው፣ መዝጊያ ሙዚቃም ነበረኝ። ቴክኒሻኑን አየሁት። ሙዚቃውን ተወው ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። አንድ ስንኝ አንብቤ እቆማለሁ። ከዚያ ማዶ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ "እሺ" ይላል፤ ቀጣዩን አነባለሁ። ሰባተኛው ላይ "ቆይ፣ ቆይ፣ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ" አለ። ሌላ ሲፈልግ፣ ኮቱን ሲፈትሽ ይሰማል። አየር ላይ ነን። ማንም አልተናገረም። ቴክኒሻኑ እጁን ከሚክሰሩ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አገኘሁ" አለ ሰውዬው። ስምንተኛውን አነበብኩለት።